72 ዩሮ የከፈልኩበት ወይን በ7 ዩሮው ተበለጠ፤ ዋጋው ምኑ ላይ ነው?

ይህ የመድረካችን የውይይት ክር ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ሦስት ሳምንት ተጎትቷል። መሃሉ ላይ ጌሾም፣ የጀርመን ባሕር ኃይልም፣ ስድብም ገብቶበታል። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ ሁሉንም ከማንበብ ይቀላችሁ ብዬ የተባባልነውን በየቁጥሩ በራሴ አንደበት አስፍሬዋለሁ። ጥያቄውን የጣልኩት እኔ ስለሆንኩ ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ አንዳንድ ቦታ ለራሴ ሳዳላ ብታገኙኝ እለፉኝ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመነሻው ጽሑፍ

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ 11 ዓመቴ። ወይን የምጠጣው እሑድ ከምሳ ጋር ነው፣ እሱም ሱፐርማርኬት ውስጥ እጄ የደረሰበትን አንስቼ። ባለፈው መስከረም ቦነስ ቢጤ ሲደርሰኝ ግን ልቤ ተነሳና ከቦርዶ አካባቢ፣ ከፖይያክ፣ የ2019 ምርት የሆነ ቀይ ወይን ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። አንዱ 72 ዩሮ። በ1855ቱ የቦርዶ የደረጃ ዝርዝር ውስጥ አምስተኛው እርከን ላይ ያለ የወይን አምራች ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ይሁን የእኔ ያኔ አልለየም ነበርና።

ለፋሲካ ስድስት ሆነን እኔ ቤት ተሰበሰብን። አንድ የረጅም ጊዜ ጓደኛ አለኝ፤ ወይን ሁሉ ወይን ነው፣ ዋጋው የሚከፈለው ለተለጠፈበት ወረቀት ነው ባይ። ተከራከርን፣ ተወራረድን። ሦስት ጠርሙስ አወጣሁና እያንዳንዱን ወፍራም ካልሲ ውስጥ ከትቼ አንገቱ ላይ አሰርኩት፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬም ምልክት አደረግሁ። «ሀ» ያ የ72 ዩሮው ነው። «ለ» የስፔን ሪዮሃ፣ ክሪያንዛ የሚባለው፣ 7 ዩሮ። «ሐ» ከፈረንሳይ ቦዦሌ የመጣ ሞርጎን፣ 13 ዩሮ። ስድስታችንም ቀምሰን በብጣሽ ወረቀት ድምፅ ሰጠን። አራት ሰው «ለ»ን መረጠ፣ ሁለት ሰው «ሐ»ን። «ሀ»ን የመረጠ የለም። እኔ ራሴ የመረጥኩት «ለ»ን ነው። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ይስቃል።

ጥያቄዬ ይኸው ነበር። ተታልያለሁ? ምላሴ ነው የማይሰማው? ወይስ የአውሮፓ ወይን ዋጋ ከአፍ ጋር ጉዳይ የለውም?

መልስ 1

ከብራስልስ የጻፈ ጨዋ ሰው ነው። የበዓሉን መልካም ምኞት አስቀድሞ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሰዎችም በዚሁ ወጥመድ መውደቃቸውን አጫወተኝ። በግንቦት 1976 ፓሪስ ውስጥ የወይን ሱቅ የነበረው እንግሊዛዊው ስቲቨን ስፐሪየር የፈረንሳይን ምርጥ ወይኖችና በዚያን ጊዜ ስማቸው ያልታወቀ የካሊፎርኒያ ወይኖችን ስያሜያቸውን ሸፍኖ ለፈረንሳውያን ዳኞች ያቀርባል። ከቀዩ የካሊፎርኒያው ስታግስ ሊፕ የ1973 ምርት አንደኛ ወጣ፤ ሙቶን ሮትሺልድን የመሰለ የቦርዶ አውራ ሁለተኛ ሆነ። ከነጩም ሌላው የካሊፎርኒያ ቤት የሻቶ ሞንተሌና የ1973 ምርት ቡርጎኝ የሚባለውን የፈረንሳይ ክልል ወይኖች ቀደመ። የሰውዬው ፍርድ፣ ስያሜው ሲሸፈን ምላስ ነፃ ይወጣል የሚል ነበር።

መልስ 2

በትሕትና ጀምሮ በእርማት ጨረሰ። የፓሪሱ ውድድር የርካሽና የውድ ግጥሚያ ሳይሆን የሁለት አገር ምርጦች ግጥሚያ እንደነበረ፣ የነጥቡም ልዩነት የክር ያህል ቀጭን እንደነበረ አስታወሰ። ለእኔ ጥያቄ የሚቀርበው በ2008 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ነው አለ። ከ6,000 በላይ የሆኑ ስውር ቅምሻዎች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ያልሠለጠነ ሰው ዋጋውን ሳያውቅ ሲቀምስ ለውዱ ወይን በጥቂቱም ቢሆን ያነሰ ነጥብ ይሰጠዋል። የሠለጠነው ላይ ግን አዝማሚያው ወደ ሌላው ይገለበጣል። እንግዲህ ጥያቄው ዋጋው ውሸት ነው ወይ ሳይሆን፣ ሥልጠናው ምን ያሳያቸዋል መሆን እንዳለበት ጠቁሞ ወጣ።

መልስ 3 ሁለት መስመር ነው። የጓደኛዬ ወገን ነው፤ ጠጅ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ አልገባውም። ስምንት ሰው ወዶለታል።

መልስ 4

ይህችን እህት ልብ በሉ፤ ክሩን ያዞረችው እሷ ናት። ሊዮን ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ወይን እየመረጠች በማሳለፍ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ፍርድ አልሰጠችም። አራት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ወይኑ ስንት ዲግሪ ላይ ነበር? ከተከፈተ በስንት ሰዓቱ ተጠጣ? መጀመሪያ የተቀመሰው የትኛው ነው? ምን እየበላችሁ ነበር?

ለሦስቱ ወዲያው መለስኩ። ቤቱ ሞቅ ያለ ነበር፣ ወደ 24 ዲግሪ። ከፍተን ወዲያው ቀዳን። የቀመስነው በፊደሉ ተራ ስለሆነ «ሀ» መጀመሪያ ነበር። አራተኛውን ዘለልኩት። ልደብቅ ብዬ አልነበረም፤ ምግቡ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነው።

መልስ 5

ታሪክ ወዳድ ነው፣ ረዘም አድርጎ ጻፈ፣ እኔም የወደድኩት ነው። የ1855ቱ ዝርዝር እንዴት እንደተወለደ ካላወቅን በዋጋ መገረማችንን አንተውም ባይ ነው። ናፖሊዮን ሦስተኛ በፓሪስ ለሚደረገው ዓለም አቀፍ አውደ ርእይ የቦርዶ ወይኖች ደረጃ ወጥቶላቸው እንዲቀርቡ ይፈልጋል። ሥራው ለቦርዶ የወይን ደላሎች ተሰጠ። ደላሎቹ ጠርሙስ ከፍተው ሲቀምሱ አልከረሙም፤ የየቤቱ ወይን ለብዙ ዓመት ስንት ሲሸጥ እንደኖረ መዝገባቸውን ገልብጠው፣ ውዱን አንደኛ፣ ቀጣዩን ሁለተኛ እያሉ እስከ አምስተኛ ደረደሩት። ነገሩ ክብ ነው። ዋጋው ደረጃውን ሠራ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ደረጃው ዋጋውን ይሠራል። በ170 ዓመት ውስጥ የተነሣ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ወጣ።

መልስ 6 ይህን አላለፈውም። ሻቶ ካንትሜርል የሚባለው ቤት ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ የገባ መሆኑን አስታውሶ 5ኛውን አረመው። ከእርማቱ ይልቅ የጨመረው ቁም ነገር ነው የበለጠብኝ፦ ፖይያክ ባለበት የቦርዶ ክፍል፣ በሜዶክ፣ ደረጃው የተሰጠው ለቤቱ ስም እንጂ ለመሬቱ አይደለም። ባለቤቱ እዚያው ክልል ውስጥ የጎረቤቱን ማሳ ቢገዛና ቢጨምርበት፣ አዲሱ ማሳ የ1855ን ካባ ለብሶ ያድራል። ወይኑን የገዛሁለት ቤትም በ1855 የነበረው መሬት ላይ ነው ያለው ብዬ መማል አልችልም ማለት ነው።

መልስ 7 ወደ ቡርጎኝ ወሰደን። እዚያ ደረጃው ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ ነው። የላይኛው፣ ግራን ክሩ የሚባለው፣ 33 ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ሮማኔ ኮንቲ የሚባለው ማሳ፣ በሙሉ 1.8 ሄክታር ገደማ ነው፤ የዓለም ባለጸጋ ሁሉ ከዚያች ቁራሽ መሬት ይሻማል። በሌላ በኩል ክሎ ደ ቩጆ የሚባለው ቀድሞ የመነኮሳት ርስት የነበረ 50 ሄክታር ያህል ማሳ በውርስና በሽያጭ ተሸንሽኖ ዛሬ ወደ 80 ባለቤት አለው። ስያሜው ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው፣ እጁ ግን 80 ዓይነት። እዚያ ስም አይቶ የገዛ ሰው ዕጣ እንደቆረጠ ይቁጠረው ብሎ ዘጋ።

መልስ 8

የሒሳብ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ወይን መሥራት በራሱ 72 ዩሮ እንደማይፈጅ አሳየን። አንድ የቦርዶ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፣ 300 ጠርሙስ ይሆናል። አዲስ የፈረንሳይ ኦክ በርሜል ወደ 900 ዩሮ ቢገዛ፣ ለአንድ ጠርሙስ የሚደርሰው 3 ዩሮ ነው። ቡሹን፣ ጠርሙሱን፣ የለቃሚውን ደመወዝ ቢደምርበት፣ ምርጥ ከሚባለው ቤት እንኳ ወጪው ከዋጋው በብዙ ያንሳል። የተረፈው የመሬት ዋጋ፣ የስም ዋጋና በመሃል ያሉት ነጋዴዎች ድርሻ ነው። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ግብር ውስጥ ገባ። ጀርመን ውስጥ ተራ ወይን ላይ የመጠጥ ግብር የለም፣ አረፋ ባለው ላይ ግን በጠርሙስ 1.02 ዩሮ ይከፈላል። ግብሩ በ1902 የወጣው ለካይዘሩ (ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት) የጦር መርከቦች ገንዘብ ለማዋጣት ነበር። መርከቦቹ በ1919 ስካፓ ፍሎ ላይ በገዛ መርከበኞቻቸው እጅ ሰጠሙ፤ ግብሩ ግን እስከ ዛሬ ይንሳፈፋል።

መልስ 9 ግብሩ በ1933 ተነሥቶ በ1939 ለሌላ ጦርነት የተመለሰ መሆኑን ጠቅሶ አረመው። መልስ 10 ከለንደን አለቀሰ፤ ከነሐሴ 2023 ወዲህ ቀረጡ በአልኮሉ መጠን ስለሚሰላ ከርካሽ ጠርሙስ ውስጥ ለወይኑ የሚተርፈው ሳንቲም ነው። ከዚህ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ወጣ፦ ግብሩ፣ ብርጭቆውና ማጓጓዣው ለርካሹም ለውዱም ያው ስለሆነ፣ ከ5 ወደ 10 ዩሮ ስትወጣ ከዋጋው ውስጥ ለወይኑ የሚደርሰው ድርሻ ያድጋል። ከ50 ወደ 100 ስትወጣ ግን ምን ውስጥ እንደሚገባ 5ኛውና 7ኛው ነግረውናል። መልስ 11 ከስቶክሆልም ነው፤ ወይን በሱቅ የሚሸጠው መንግሥት የሆነበት አገር ስለሆነ እሑድ ጠርሙስ እንደማይገዛ አማርሮ፣ መንግሥት መጠጥ ይሽጥ አይሽጥ የሚል ክርክር ከፈተ። ዘለልኩላችሁ።

መልስ 12 እና 13

የሊዮኗ እህት ተመለሰች። አራተኛው ጥያቄዋ እንዳልተመለሰ በጨዋ ቋንቋ፣ ግን ጠበቅ አድርጋ አሳሰበች። እኔም በ13ኛው እውነቱን ጻፍኩ። ፋሲካ ነው፣ 55 ቀን ጾመን የወጣን ነን። የበላነው የበግ ጥብስ በአዋዜ ነው፤ ጎኑ ላይ ሚጥሚጣና ስንግ ቃሪያ ነበረ።

ከ14 እስከ 19

እዚህ ላይ ክሩ እንደ ዘይት ተንጣጣ።

በ14ኛው ላይ የመጣ ሰው በሳቅ ጀምሮ ነገሩን በደንብ አስረዳ። በርበሬ አፍ ሲያቃጥል የአልኮሉን ትኩሳት ያባብሳል፣ ከወይኑ ቆዳና ፍሬ የሚመጣውን ታኒን የሚሉትን ድድ የሚያደርቅ ነገር ደግሞ መራራ ያደርገዋል። ፖይያክ በአብዛኛው ካበርኔ ሶቪኞ ከሚባለው የወይን ፍሬ ነው፤ ገና ጮርቃ ሳለ ታኒኑ ጠጠር ነው። ሞርጎን ጋሜ ከሚባለው ፍሬ ስለሚጠመቅ ታኒኑ ትንሽ ነው። ሪዮሃው ደግሞ ለስላሳ ነው። ስለዚህ እኛ የዳኘነው የትኛው ወይን ይሻላል የሚለውን አይደለም፤ የትኛው አዋዜ ይችላል የሚለውን ነው። በጉ ብቻውን በጨውና በቅጠላ ቅጠል ተጠብሶ ቢሆን ኖሮ ስቡና ጨው ያንን ታኒን ያለዝቡት ነበር።

15ኛው ከሁሉም የተሳለ ነው። የ72 ዩሮ ወይን የእኔን ምግብ መቻል ካቃተው ለእኔ 72 ዩሮ አያወጣም፤ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ምግቡ ለወይኑ ይቅርታ የሚጠይቀው ባይ ነው። 16ኛው እሱን አፍ አውጥቶ ሰደበው፤ ባለጌ ምላስ ይዞ ስለ ጥራት ማውራት እንዴት እንደሚያስደፍር ጠየቀ። 17ኛው ወንዝ ተሻግሮ የራሱን የናቀ ሁሉ ያሳዝነኛል ብሎ በ16ኛው ላይ ዘመተ። 18ኛው የመድረኩ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሁለት መልስ አጥፍቶ አስጠነቀቀ። የጠፉትን አይቻቸዋለሁ፣ አልቀረባችሁም።

እኔ ግን 15ኛውን በግማሽ እደግፈዋለሁ። በየሳምንቱ ቀይ ወጥ የሚበላ ሰው ወይን ሲገዛ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የራሱን ገበታ ነው። የማልስማማው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው፤ ወይኑን ያልሆነ ቦታ አስቀምጬ ስለወደቀ ዋጋው ውሸት ነው ማለት አልችልም። የክት ጫማ አድርጎ ጭቃ የገባ ሰው ጫማ ሠሪውን አይከስም።

በ19ኛው የሊዮኗ እህት ሦስተኛ ጊዜ ጻፈች፣ ያመመኝም ይኸው ነው። ክሪያንዛ የሚለው ቃል በሪዮሃ ሕግ ቀዩ ወይን ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆይቷል፣ ከዚያም ቢያንስ አንዱን ዓመት በኦክ በርሜል አሳልፏል ማለት ነው። በልማድ በርሜሉ የአሜሪካ ኦክ ነው፤ ያ የቫኒላ ሽታ የሚመጣው ከእሱ ነው፣ አራት ሰው ያስመረጠንም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ያ ወይን ሱቅ ሲደርስ መጠበቁን ጨርሶ ነው የሚመጣው። የፖይያኩ ግን መጠበቁን ለገዢው ይተዋል። ጥሩ የሚባል ቤት የ2019 ምርት ሊለዝብ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ከ72 ዩሮው ከፊሉን የከፈልኩት ገና ላልመጣ ዓመት ነበር፤ እኔ ዛሬውኑ ቡሹን ነቅዬ፣ 24 ዲግሪ ላይ፣ ሳላናፍሰው፣ መጀመሪያ አቀረብኩት።  እንግዲህ ሌባ ፍለጋ ወጥቼ መስታወት ፊት ቆምኩ።

መልስ 20

ተጠራጣሪ ነው፤ ባለሙያ የሚባሉትንም አታምኗቸው አለ። ሩዲ ኩርኒያዋን የሚባል ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ በገዛ ቤቱ ወይን እየደባለቀ፣ ያረጀ የሚመስል ስያሜ እየለጠፈ፣ ለዓለም ታላላቅ ሰብሳቢዎች በሚሊዮን ዶላር ሸጧል። በ2012 ተያዘ፣ በ2014 አሥር ዓመት ተፈረደበት። እነዚያ ሁሉ አዋቂዎች ጠጥተው አወድሰውታል። ሁለተኛ ማስረጃው በ2001 የታተመው የቦርዶ ጥናት ነው፤ 54 የወይን ጥበብ ተማሪዎች ነጭ ወይን በቀይ ቀለም ተነክሮ ሲሰጣቸው፣ ሽታውን የገለጹት ለቀይ ወይን በሚባሉ ቃላት ነበር።

መልስ 21 ይህን ከሁለት ጎን አረመ። ኩርኒያዋን የተነቃበት በምላስ አይደለም፣ በመዝገብ ነው፤ በ2008 ኒው ዮርክ ውስጥ ለጨረታ ከቀረቡት ጠርሙሶች መካከል ከ1945 እስከ 1971 የሚል የፖንሶ ቤት የክሎ ሳን ደኒ ወይን ነበረበት፣ የቤቱ ባለቤት ሎራን ፖንሶ ግን ቤተሰቡ ያንን ወይን መሥራት የጀመረው በ1982 መሆኑን ያውቅ ነበርና ከጨረታው አስወጣው። የቀለሙን ጥናት በተመለከተ ደግሞ፣ ተማሪዎቹ ሽታን በቃል እንዲገልጹ እንጂ ጥሩና መጥፎ እንዲለዩ እንዳልተጠየቁ አሳሰበ። ዓይን አፍንጫን መምራቱ ተረጋግጧል፣ ከዚያ አልፎ ሁሉም ቀማሽ አጭበርባሪ ነው ወደሚል መዝለል አይቻልም።

መልስ 22

ለእኔ ከክሩ ሁሉ ይህ ይበልጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ቡና ሲቀምሱ የኖሩ ጋሼ ናቸው። ወይን ብዙም አያውቁም፣ እንደ ሙያቸው ግን ፈተናዬን በዓይነ ቁራኛ አዩት። በቡና ቅምሻ ናሙናው ሁሉ እኩል ይቆላል፣ እኩል ይፈጫል፣ ውኃውም ያው ውኃ ነው፤ ለአንድ ናሙናም አንድ ሲኒ አይበቃም፣ አምስት ይደረደራል፣ አንዱ ሲኒ ላይ የተበላሸ ፍሬ ቢገኝ በሌሎቹ ይታወቃልና። ቀማሹ ፉት ብሎ ይተፋል። ጠዋት ሽንኩርት የበላ፣ ሽቶ የተቀባ አይገባም። እኔ ደግሞ ሚጥሚጣ የበላ ስድስት ሰው አንድ አንድ ብርጭቆ ይዤ፣ ያውም እየዋጥን።

ነጥብን በተመለከተም አስተያየት ሰጡ። በቡና ከመቶ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ልዩ ይባላል። በወይን ሮበርት ፓርከር በ1978 መጽሔቱን ሲጀምር ያስፋፋው የመቶ ነጥብ ልኬት ከ50 ነው የሚነሣው፤ ምንም ያልሠራ ወይን 50 ይዞ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ 88 የሚል ቁጥር አይቶ የፈተና ውጤት መስሎት የሚደነቅ ሰው ይጠንቀቅ አሉ።

ከዚያ ለቀረችው ጠርሙስ ዘዴ ሰጡኝ። ሦስት ብርጭቆ ይቀዳ፣ ሁለቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ወይን፣ ሦስተኛው ውስጥ ሌላ። ቀዳጁ ሌላ ክፍል ይሁን። ቀማሹ የሚጠየቀው የትኛው ይሻላል ተብሎ አይደለም፤ የትኛው ነው የተለየው ተብሎ ነው። በግምት የሚያገኝ ሰው ከሦስት አንዴ ያገኛል፣ ስለዚህ ደጋግሞ መሞከር ነው። መለየት ያልቻለ ሰው ስለ ዋጋ ልዩነት የሚከራከርበት ምክንያት የለውም፤ የቻለ ደግሞ ከዚያ በኋላ የወደደውን ይምረጥ፣ ርካሹን ቢመርጥ እንኳ አላፈረም። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

ከ23 እስከ 26 ድረስ የግዢ ምክር ነው። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ አካሄዳቸው አንድ ነው፣ ከታዋቂው ስም አጠገብ ያለውን ስም ግዙ። ባሮሎ የሚባለውን የጣልያን ቀይ ወይን ለሚወድ፣ ከዚያው አካባቢ ከዚያው የኔቢዮሎ ፍሬ የተሠራው ላንጌ ኔቢዮሎ። ሻምፓኝ ለሚወድ ክሬማን የሚባለው አረፋ ያለው የፈረንሳይ ወይን፤ እሱም ጠርሙሱ ውስጥ ዳግመኛ የሚፈላ ነው፣ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይቆያል፣ ሻምፓኝ ደግሞ ቢያንስ 15 ወር። ከቱሪን የጻፈችው እህት ላንጌ ኔቢዮሎ የባሮሎ ታናሽ ወንድም እንጂ ምትኩ አለመሆኑን አስታውሳ፣ የጣልያን ደረጃ ምልክት መነሻን እንጂ ጣዕምን እንደማይመሰክር በሳሲካያ አሳየች፤ ያ ዛሬ በመቶዎች ዩሮ የሚሸጥ ወይን ለዓመታት የተመደበው በተራ የማዕድ ወይን መደብ ነበር፣ ሕጉ ለዚያ አካባቢ ቀይ ወይን ቦታ አልነበረውማ። አንዱ ደግሞ ብርጭቆውን አዙሮ ግድግዳው ላይ እንባ የሚያፈሰው ወይን ምርጥ ነው አለና ወዲያው ተመለሰለት፤ እንባው የሚያሳየው አልኮልን ነው።

መልስ 27 ከአዲስ አበባ ነው፤ ቦርዶ ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ ይላል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዝዋይ ላይ መርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ተክሎ በ2014 ለገበያ ማውጣት ጀምሯል፤ ያንን ከአውሮፓው ጋር ደባልቄ በስውር እንድቀምስ መከረኝ። ሐሳቡ አይጠላም። መልስ 28 ግን ይህን ወደ አክሱሚት ትዝታ ወሰደው፣ 29 ወደ ጠጅ፣ 30 ወደ ብርሌ። 31ኛው ላይ የደረሰ ሰው ፍራንክፈርት ውስጥ ጌሾ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። እስካሁን አልተመለሰለትም።

መልስ 32

በጉጉት የጠበቅሁት ሳይሆን ያልጠበቅሁት ነው። ከፓሪስ የጻፈ አንድ ሰው የሞርጎን ጠርሙስ ትከሻው ተዳፋት መሆኑን፣ የቦርዶና የሪዮሃ ጠርሙስ ግን ትከሻው ቀጥ ያለ መሆኑን አስታወሰ። በካልሲ ቢሸፈንም ቅርጹ ይታያል። የውድ ወይን ጠርሙስም ብዙ ጊዜ ይከብዳል። ስለዚህ ፈተናው ስውር ነበር ለማለት እንደሚከብድ ጻፈ።

መልስ 33 ያ ጓደኛዬ ነው። ክሩን ከመጀመሪያ ጀምሮ ሲያነብ ኖሯል፣ አንድ ቀን አልተነፈሰም። ጠርሙሶቹን ከጠረጴዛው ያነሣ ጊዜ የ«ሀ»ን ክብደት አይቶ የእኔ የ72 ዩሮው እሱ እንደሆነ ማወቁን፣ ድምፁንም ሆን ብሎ ለ«ለ» መስጠቱን አመነ። ነገር ግን ቢያውቅም ባያውቅም «ሀ» አፉን እንዳደረቀው ምሏል። እሱ ሲወጣ ውጤቱ ከአምስት ሦስት ለ«ለ»፣ ሁለት ለ«ሐ» ነው። «ሀ» ያው ዜሮ። ይህን ሲያይ ደግሞ እንደገና ሳቀ።

ከ34 እስከ 37

የቀረችውን ጠርሙስ ምን ላድርጋት ብዬ ጠየቅሁ። የሊዮኗ እህት እስከ 2030 አትንካት አለችኝ። 35ኛው ቆይቶ ያልጠጣ ሰው ወራሹን ነው የሚያጠጣው ብሎ ተቃወማት፤ ነገውኑ ከፍተህ፣ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገልብጠህ ሁለትና ሦስት ሰዓት ተዋት፣ 17 ዲግሪ አድርሳት፣ በርበሬ ያልነካው የበግ እግር ጥበስላት ባይ ነው። 36ኛው የት እንዳስቀመጥኳት ጠየቀኝ፤ ወጥ ቤት፣ ከማቀዝቀዣው በላይ ስላት ሰውየው ሊያለቅስ ደረሰ። ከማቀዝቀዣው ጀርባ ሙቀት ይወጣል፣ ወይን ደግሞ የሚፈልገው ጨለማ፣ እርጋታና ወደ 12 ዲግሪ የሚጠጋ የማይዋዥቅ ቅዝቃዜ ነው፤ ቡሹ እንዳይደርቅም ጠርሙሱ መጋደም አለበት። የእኔ ምድር ቤት የማሞቂያ ቧንቧ ያልፍበታል፣ በክረምት ልብስ ይደርቅበታል።

37ኛው ጓደኛዬ ነው። የእሱ ሕንፃ የቆየ ነው፣ ምድር ቤቱ የድንጋይ፣ በነሐሴም ይበርዳል። ጠርሙሷ አሁን እዚያ ተጋድማለች። የበሩን ቁልፍ ሰጥቶኛል፤ እሱ ጋ ግን ሁለተኛ ቁልፍ እንዳለ የነገረኝ ከወሰድኳት በኋላ ነው።